እንደ ክር የቀጠነው ፊደል

ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይችላል። እኔ የምችለው ፊደል መለየት ነው። ይሄን ስናገር አንዳንዱ ይስቃል፤ ይሳቅ። ሐረር ውስጥ ከተሰቀለ ታፔላ ላይ አንዱን ፊደል በእጅህ ግማሹን ሸፍነህ ብታሳየኝ፣ የማን እጅ እንደጻፈው እነግርሃለሁ። ስንት ክረምት እንደመታውም እነግርሃለሁ። መንገድ ላይ ቀና ብዬ ግድግዳ ግድግዳውን ስለማይ ባጃጅ ሊገጨኝ የደረሰበት ቀን ብዙ ነው። "አንቺ፣ መሬት አታዪም እንዴ?" ይሉኛል ሾፌሮቹ። አላይም። መሬት ላይ ምን ተጽፎ?

የታፔላ ጸሐፊ ልጅ ነኝ። ሱቃችን ፈላና በር አጠገብ ናት፤ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚያወራው። አባባ እዚያች ሱቅ ከገቡ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ምን ቀራቸው። የልብስ ሰፊው፣ የፎቶ ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የትምህርት ቤቱ በር፣ ምኑ ቅጡ፤ ዛሬ ሁሉም ባነር ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ከማለቱ በፊት፣ ከበሩ ውስጥም ከበሩ ውጪም ቆሞ የሚነበብ ነገር ካለ የሳቸው እጅ ነበረበት። ቅድመ አያቴ ወታደር ሆነው ነው እዚህ አገር የመጡት ይባላል። ጠመንጃው የት እንደገባ አላውቅም። እኛ የወረስነው ብሩሽ ነው።

የሥራ ክፍፍላችን እንዲህ ነበር። እኔ ሳንቃውን እፍቃለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ መደቡን እቀባለሁ፣ በጠመኔ ክር መስመሩን እመታለሁ። ከዚያ አባባ መነጽራቸውን ጠርገው ይነሱና የፊደሉን ዳር ይጽፋሉ። ዳሩ ሲያልቅ ውስጡን የምሞላው እኔ ነኝ። ዳሩን ግን አልነካም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ዳር አልነካሁም! አንድ ሁለቴ እሳቸው ምሳ ሲሄዱ ሰርቄ ነክቼ ነበር። ሲመለሱ ቀለም በሚያስለቅቀው አኳራጅ ጠርገው እንደገና ጻፉት። ያን ጊዜ ቆሽቴ እንዴት እንዳረረ እኔ ነኝ የማውቀው።

"አባባ፣ እኔ የማልችል ይመስልዎታል?" እላቸዋለሁ።

"መቻልሽን አላውቅም። ፊደሉን ማወቅሽን ነው የምጠይቀው" ይላሉ። እሳቸውን ያስተማሩ ሰውዬ፣ ብሩሽ ከመስጠታቸው በፊት ሁለት ዓመት በጣት አየር ላይ ያጽፏቸው ነበር አሉ። ታዲያ እኔ ምን አደረግኩ? በአየር ላይ ባይሆንም፣ እኔም የሳቸውን ዳር እየተከተልኩ አሥራ ሁለት ዓመት ውስጡን ሞልቻለሁ።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አንዲት ሴትዮ ሱቃችን መጡ። ጊደር መጋላ ገበያ ውስጥ የቅመም ሱቅ አላቸው፤ ገና "እንዴት አደራችሁ" ሳይሉ የእርድና የቁንዶ በርበሬ ሽታቸው ቀድሟቸው ገባ። ጀጎል ውስጥ ያለውን የአባታቸውን ቤት አድሰው እንግዳ ሊያሳድሩበት ነው። ከዘንቢላቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሔት አወጡና፣ እንደ ሕፃን ልጅ ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት። ልጃቸው ከውጭ አገር ያመጣችላቸው ነው።

ገጹ ላይ የአንድ ክፍል ፎቶ አለ፤ ከላይ አንድ የፈረንጅ ቃል፣ ሰባት ፊደል ብቻ። ግን ምን ዓይነት ፊደል! እንደ ክር የቀጠነ። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውፍረት፣ አንድ ቦታ አይሰፋ፣ አንድ ቦታ አይሳሳ። እግሩ ሥር ደግሞ እያንዳንዱ ጠፍጣፋ ጫማ አለው፤ ጫማውም እንደዚያው የቀጠነ፣ ማዕዘኑ ቀጥ ያለ፣ ምንም ጉብጥብጥ የሌለው። ባለ ጫማ ፊደል አውቃለሁ፣ ቀጭን ፊደልም አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ ግን እንዲህ አምሮበት አይቼ አላውቅም ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

"የቤቴን ስም በፈረንጅ በዚህ ፊደል ትጽፉልኛላችሁ፤ ከሥሩም በአማርኛ" አሉ ሴትዮዋ።

አባባ የቤቱን ስም ጠይቀው ገጹን አዩት። "ችግር የለም። ግን ከቤትዎ ስም ውስጥ ጂ እና ዋይ እዚህ የሉም። እነሱን እኔ አስመስዬ እሠራቸዋለሁ።"

"ወላሂ የሚመስል አልፈልግም! ይሄንኑ ነው የምፈልገው። እንግዳው ሁሉ የተማረ ነው፣ ያውቃል። ልጄ እንዳለችው ይሄ ፊደል ስም አለው፤ ስሙ ከተገኘ የቀሩት ፊደሎችም አብረው ይገኛሉ። ካልቻላችሁ ደሞ አትቸገሩ፣ አዲስ አበባ የሚሠራ ሰው ታውቃለች።"

አዲስ አበባ! ጀጎል ውስጥ ለሚሰቀል ታፔላ አዲስ አበባ! የአባባ ፊት ሲለወጥ አየሁት። እኔማ ደሜ ፈላ። "እኔ ስሙን አገኘዋለሁ" አልኩ፤ ማን ጠይቆኝ እንደሆነ እንጃ። አባባ በመነጽራቸው በላይ አዩኝና፣ ግማሽ በቀልድ ግማሽ በንዴት፣ በሴትዮዋ ፊት፣ "ስሙን ያገኘሽ እንደሆን ራስሽ ትጽፊዋለሽ። ዳሩንም" አሉ።

በቃ። ከዚያ በኋላ ምሳ እንኳ በወጉ አልበላሁም።

ዘጠኝ ቀን ነበረን። ሴትዮዋ መጽሔቱን ጥለውልን አልሄዱም፤ አናጢውም በዚያው ገጽ ላይ ያለውን ቁም ሣጥን እያየ ነው የሚሠራላቸው። ስለዚህ አባባ እዚያው ቆመው ስስ ወረቀት ዘርግተው ሰባቱን ፊደል በእርሳስ ገለበጡት። ሴትዮዋ ሲሄዱ ደግሞ እርሳሱን በቀለም ደገሙበት። ንጹሕ ሥራ ነበር። ፎቶ አነሳሁት።

ስልክ ላይ የፊደል ፎቶ ሲሰጡት ስሙን የሚፈልግ መተግበሪያ አለ። አንዱን ስጠይቀው አምስት ስም ሰጠኝ፤ አምስቱም የማይረባ። አንዱ ቀጭን ነው ግን ባዶ እግሩን ነው። አንዱ ጫማ አለው፤ ግን ጫማው ከእግሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እንደ ማንኪያ ጎበጥ ይላል። አንዱማ ጭራሽ የሠርግ ጥሪ ካርድ ላይ የሚጻፈው ዓይነት ጥምዝምዝ ነው። ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም።

በሁለተኛው ቀን ቴሌግራም ላይ ፊደል የሚወዱ ሰዎች የተሰበሰቡበት ቡድን አገኘሁ። እንደኔ ያለ ዕብድ ሌላም አለ ለካ! የአባባን ወረቀት ለጠፍኩት። አንድ አዲስ አበባ የሚኖር የንድፍ መምህር ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ነው መሰለኝ ወዲያው መለሰልኝ፤ አንድ ስም ብቻ። ፈልጌ ከፈትኩት። ምን ሆኖ ወጣ መሰላችሁ? ወፍራም፣ ጎምላላ፣ ጫማው የቦቴ ሹፌር ቦት ጫማ የሚያክል ፊደል።

ቢሆንም ልሞክር ብዬ ስልኬን ይዤ ጊደር መጋላ ወረድኩ። ሴትዮዋ ከበርበሬ ከረጢታቸው ጀርባ ሆነው ስልኩን አዩና ሳቁብኝ። "ይሄማ ጠግቦ የበላ ነው። የኔው እኮ ክር ነው፣ ክር!" ጎረቤታቸው ሽንኩርት ሻጯም አብራ ሳቀች። ኩም ብዬ ተመለስኩ። ንዴቴን ደግሞ በማን ላይ ልወጣ? ቴሌግራሙን ከፍቼ መምህሩን "ወንድሜ፣ ዓይንህን ተመርመር" ብዬ ጻፍኩለት። እሱ ምንም ሳይቆጣ "እህቴ፣ የ‘አር’ ፊደልን ጭራ ደግመሽ እዪው" ብቻ አለኝ። እኔ ደግሞ የማንም ጭራ የማይበት ትዕግሥት አልነበረኝም።

እንዲህ እያልኩ አምስት ቀን አለቀ። አባባ "ተገኘ?" አይሉኝም። ባይሉኝም ግን ጠዋት ስገባ ቀና ብለው ያዩኛል፣ መልሰው ዝቅ ይላሉ። ከቁጣ ይልቅ ያ ነው የሚያቆስለው። እሳቸውም ሥራው እንዲያመልጠን አልፈለጉም፤ ግን እጄ ላይ ጥለውታል፣ ቃል ወጥቷል። አንድ ጊዜ ብቻ ሴትዮዋ ባለፉበት "ልጅዎ ከምን ደረሰች?" ብለው ቢጠይቋቸው፣ "ገና ቀን አለን" ሲሉ ሰማሁ። "አለን" አሉ። "አላት" አላሉም። ያችን ቃል ይዤ ነው የቀሩትን ቀናት የሮጥኩት።

በስድስተኛው ቀን ነገሩ ራሱ መጽሔቱ ላይ ነው ብዬ ተመልሼ ሴትዮዋ ጋ ሄድኩ። የአባባን ወረቀትም ይዤ ነበር። መጽሔቱን ከላስቲኩ አውጥተው ሰጡኝ፤ እኔም ወረቀቱን ፊደሉ ላይ አስተኛሁት። ልክ በልኩ ነው። ቁመቱ ልክ፣ ስፋቱ ልክ፣ ርቀቱ ልክ። አንድ ነገር ብቻ፦ መጽሔቱ ላይ ያለው ፊደል አይታይም። የአባባ ቀለም ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል፤ ከሸፈነውም በላይ በግራም በቀኝም ተርፏል። የሳቸው አንድ ጭረት የመጽሔቱን ሦስት ያህላል።

ወይ ጉድ! ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

የኛ ሙያ ፊደል ማወፈር ነው። ሐረር ፀሐዩ ፊደል ይበላል፤ ነጩ ኖራ ያንጸባርቃል፤ አቧራው ይለብሳል። የቀጠነ ፊደል ሁለት ክረምት አይደርስም። አባባ ብሩሽ ከያዙ ጀምሮ የሰሙት "ከመንገድ ማዶ ካልተነበበ አልተጻፈም" የሚለውን ነው። እርሳሱን በቀለም ሲደግሙት እጃቸው እሳቸውን ሳያማክር አወፈረው። እኔም አየሁት፣ ግን አላየሁትም፤ የኔም ዓይን ያደገው በዚያው እጅ ነዋ! ሌላ ሰው ቢሆን መጽሔቱን ራሱን ፎቶ አንስቶ ይጠይቃል። እኛ ፊደሉን መጀመሪያ ለሐረር ፀሐይ አዘጋጅተን፣ ከዚያ ማን እንደሆነ ንገሩን አልን።

ታዲያ መምህሩ የነገረኝ ስም? ስልኬን አወጣሁና ያንን ወፍራሙን ደግሜ ከፈትኩት። ያን ዕለት በንዴት ያየሁት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። አሁን ወደ ታች ወረድኩ። አንዱ ፊደል ብቻውን አልነበረም፤ ሰባት ወንድማማች ነው። ያው መልክ፣ ያው አጥንት፣ ግን አንዱ ከአንዱ እየከሳ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ከሲታው ቆሟል። እንደ ክር!

የ‘አር’ ፊደልን ጭራ አየሁ፤ ቀጥ ብሎ ወርዶ ጫማውን ወደ ቀኝ ብቻ ያደርጋል፣ መጽሔቱም ላይ እንዲያው ነው። የ‘ኤ’ ፊደልን ወገብ አየሁ፤ ከመሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የታጠቀው፣ መጽሔቱም ላይ እንዲያው ነው። የመጽሔቱን ሰባት ፊደሎች አንድ በአንድ አየሁ። ከዚያ የጎደሉብንን ሁለቱን፣ ጂ እና ዋይን፣ ከፈትኩ። ዋይ በአንድ ቀጭን እግሯ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች። እልል አልኩ። ቅመም ተራ መሀል፣ ማንም ሳይሞሸር፣ እልል! ሽንኩርት ሻጯ ደንግጣ ሚዛኗን ጣለች። ሴትዮዋ ስልኩን ከእጄ ነጥቀው አዩና "አልሐምዱሊላህ፣ ይሄ ነው!" አሉ። የፊደሉን ስም እዚህ አልጽፈውም። ስድስት ቀን የለፋሁበትን ነው? የፈለገ ይልፋ።

ለመምህሩ ይቅርታ ጠየቅኩት። ምላሴን ነክሼ ነው የጠየቅኩት፤ ይቅርታ ሲባል አይሆንልኝም። እሱ ግን የጻፈልኝን እስካሁን ይዤዋለሁ። "ማነው የገለበጠው? ሁሉ ነገር ወፍሮ እያለ አጥንቱ አንድ ቦታ አልተዛባም። ለዚህ ነው በአንድ ደቂቃ ያወቅኩት" አለ። "አባቴ ናቸው፤ ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም" ብዬ መለስኩለት። ያንን ስጽፍ ደረቴ በር አይበቃውም ነበር።

ለአባባ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ አጥንቱ የተባለውን ሲሰሙ ጢማቸውን ዳበስ አደረጉ። ስለ ውፍረቱ ሲሰሙ ግን ወረቀታቸውን ተቀበሉኝ፣ ብርሃን ላይ ያዙት። "ያወፈርኩት እኔ ነኝ?" አሉ። "እኛ ነን፣ አባባ" አልኳቸው። ቁራጭ ሳንቃ አነሱ፤ ካላቸው ብሩሽ ሁሉ ቀጭኑን መረጡና ያንን ዋይ ሊጽፉ ሞከሩ። ወፈረ። ጠርገው ደገሙ። ወፈረ። በሦስተኛው ትንፋሻቸውን ይዘው ጻፉ፤ እስከ ወገቡ ድረስ ክር ነበር፣ ከዚያ እጃቸው አርባ ዓመት የለመደውን አደረገ።

"ብሩሹ ነው" አሉ በንዴት።

ብሩሹ እንዳልነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። እንዲያ ሲሆኑ አይቻቸው አላውቅም። ብሩሹን በጨርቅ እየጠረጉ "ቢጻፍስ ከማዶ ማን ያነበዋል?" አሉ።

"አባባ፣ ጀጎል ውስጥ ማዶ የት አለ?" አልኳቸው። እውነቴን ነው። የሴትዮዋ በር ያለበት መንገድ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈበት ሦስተኛው ግድግዳ ይጠጋል። ታፔላውን የሚያነብ ሰው አፍንጫው ሥር ነው የሚያገኘው። እዚያ ወፍራም ፊደል ሰቅሎ ማስቀመጥ ጆሮ ሥር መጮህ ነው። አባባ አዩኝ፤ ረጅም አዩኝ። ከዚያ "ቃሌ ቃል ነው። ጻፊ" አሉና ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

ሁለት ቀን ጻፍኩ። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት አባባ ድንገት ተነስተው፣ ሐኪም ጋራ ከሚባለው ተራራ ሥር የምትኖረውን እህታቸውን እጠይቃለሁ ብለው ሄዱ። እህታቸውን የሚጠይቁት በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም በበዓል። ላለማየት እንደሄዱ ገብቶኛል፤ ቢያዩ ጠርገው እንደሚደግሙት ራሳቸውን ያውቃሉ። በሁለተኛውም ቀን ሄዱ። አክስቴ በኋላ "ምነው፣ የሞተ ሰው አለ እንዴ?" ብላ ደወለችልኝ።

መጀመሪያ የፈረንጁን መስመር ጨረስኩ። ከሥሩ የቤቱ ስም በአማርኛ ይጻፋል። እዚህ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ፦ ያ ቤተሰብ ሰባት ወንድማማች ይኑረው እንጂ የኛን ፊደል አያውቅም። የሠሩት ሰዎች ስለኛ አላሰቡም። እሺ፣ እኛ ስለራሳችን እናስባለን! ያችኑ አንዷን ውፍረት ይዤ የኛንም ፊደሎች አንድ በአንድ አቀጠንኳቸው፤ እግር ላለው ሁሉ ያንኑ ጠፍጣፋ ጫማ አጫማሁት። ሁለት እግር ላለው ሁለት፣ ሦስት እግር ላለው ሦስት። ስጨርስ ወደ ኋላ ብዬ አየሁት። ሁለቱ መስመሮች የአንድ እናት ልጆች ይመስሉ ነበር። ለማንም አልደብቅም፣ ከፈረንጁ የኛው አምሮበት ነበር። ይሄን የምለው ስለጻፍኩት አይደለም። እሺ፣ ስለጻፍኩትም ነው።

አመሻሽ ላይ አባባ ተመለሱ። ሳንቃውን አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው አዩት፣ አድርገው አዩት። "እራት ቀርቧል?" አሉ። በቃ፣ ይህን ብቻ።

ታፔላውን የሰቀልነው በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ነው። እኔ መሰላሉ ላይ ነኝ፣ አባባ ከታች ይዘውታል። ሴትዮዋ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተዋል፤ መንገዷ ጠባብ ስለሆነች ሰው ከበር እስከ በር ተደርድሮ ቆሟል። የመጨረሻውን ብሎን ሳጠብቅ ሴትዮዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

"ማሻአላህ! ማሻአላህ!" አሉ። ከዚያ ወደ አባባ ዞሩ። "አላህ እጅዎን ይጠብቅልን። ይሄ እጅ ገና አላረጀም! ሐረር ውስጥ ከእርስዎ ሌላ ማን እንዲህ ይጽፋል?" ጎረቤቱም ተቀበላቸው፤ እጅዎን፣ እጅዎን አሉ። አንድ ሽማግሌ ቀርበው የአባባን እጅ ጨበጡ።

ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። ይሁን አልኩ በልቤ። እድሜያቸውን ሙሉ የጻፉበት ከተማ ነው፤ የኔም ዓይን የሳቸው ነው፤ ምስጋናውን ይውሰዱት። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር የተውኩት።

አባባ ግን እጃቸውን ከሽማግሌው እጅ ቀስ ብለው አወጡ።

"የኔ እጅ አይደለም" አሉ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው። "እኔ ሦስት ጊዜ ሞክሬ አቃተኝ። የጻፈችው ልጄ ናት።"

አቃተኝ የሚለውን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ለሐኪም እንኳ ብለውት አያውቁም። ሰዉ ሁሉ ወደ ላይ ወደኔ ቀና አለ። እኔ ቀድሞ የጠበቀውን ብሎን ደግሜ ደጋግሜ አጠብቅ ነበር፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ የመሰላሉ ደረጃ አልታይ ብሎኝ።